ጉዲና ቱምሳ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ (1921 – ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ሰባኪና የሥነ መለኮት ጸሐፊ ነበሩ። በ1966ቱ አብዮት ማግስት ቤተ ክርስቲያናቸውን በመምራት፣ የተለያዩ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትን በአንድ ጉባኤ በማሰባሰብና የደርግን መንግሥት ግፊት ባለመቀበል ይታወቃሉ። ሁለት ጊዜ ታስረው ከተፈቱ በኋላ አገር ለቅቀው እንዲወጡ የቀረበላቸውን ዕድል አልተቀበሉም። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ ታፍነው ተገደሉ። መቃብራቸው የታወቀው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ፣ ከሞታቸው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። አንዳንድ ጸሐፍት በናዚ ዘመን ከተገደለው ጀርመናዊ ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈር ጋር ያነጻጽሯቸዋል።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ጉዲና ቱምሳ በምዕራብ ኢትዮጵያ በወለጋ፣ ቦጂ በተባለው አካባቢ ከኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አካባቢው የስዊድንና የጀርመን ሚሲዮኖች ከአገር ተወላጅ ወንጌላውያን ጋር ሆነው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የከፈቱበት ነበር። ከእነዚህ ወንጌላውያን አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ጉዲናም የተማሩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን በወጣትነታቸው በነቀምት ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል። በኋላ ዘመን የሰውን ሥጋ ከነፍሱ ለይቶ መርዳት አይቻልም ብለው ሲከራከሩ፣ ሐሳቡን ከመጻሕፍት ብቻ አላገኙትም፤ በሽተኛ ሲያስታምሙም ኖረዋል።

ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ትዳር መሥርተው ልጆች አፈሩ። የሆስፒታሉን ሥራ ትተው ወደ ወንጌል አገልግሎት ከገቡ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተከታትለው በ1950 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ሥነ መለኮት አጠኑ። ጊዜው በአሜሪካ የጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል የተፋፋመበት ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያን በፍትሕ ጉዳይ ምን ማለት ይገባታል የሚለው ጥያቄ በየሴሚናሪው ይነሣ ነበር።

የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ራሷን ችላ የተመሠረተችው በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ሲሆን በወቅቱ ወደ 20,000 የሚጠጉ ምእመናን ነበሯት። በ1963 እ.ኤ.አ. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ፕሬዚዳንቷ ሆኑ። ቄስ ጉዲና ከአሜሪካ እንደተመለሱ በ1966 እ.ኤ.አ. ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ሥራም ስለነበረባቸው የቤተ ክርስቲያኒቱ የዕለት ተዕለት አመራር በአብዛኛው በዋና ጸሐፊው ላይ ወደቀ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመናን ቁጥር በፍጥነት ያድግ ነበር። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለእርሻ ፕሮጀክት እንጂ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና አይሰጥም ነበር። ለጋሾቹ የልማትን ሥራ ከወንጌል ሥራ ለይተው ያዩ ነበርና። በዚህ የተነሣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በቄስ ጉዲና መሪነት በግንቦት 1964 ዓ.ም. በወንጌል ስብከትና በሰው ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት የሚናገር ደብዳቤ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ለለጋሽ ድርጅቶች ላከች። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ነው የሚል ነበር፤ ሥጋው ተመግቦ ነፍሱ ብትራብ፣ ወይም ነፍሱ ተሰብኮለት ሥጋው በረኃብ ቢያልቅ ሥራው ጎደሎ ነው። ድሃ አገሮች የሚያስፈልጋቸውን ሀብታሞቹ ብቻ ሊወስኑላቸው አይገባም የሚል አቤቱታም ነበረበት። ጉዳዩ በ1974 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ለተደረገ ዓለም አቀፍ ምክክር ምክንያት ሆነ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ በሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

በዚያው ዘመን አንዳንድ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች የውጭ ሚሲዮናውያንና የውጭ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆም ይጠይቁ ነበር። ቄስ ጉዲና የአንዱ ክርስቲያን ማኅበር ለሌላው ማካፈል ጨርሶ ይቁም አላሉም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ በጊዜ ብዛት በራሷ ልጆች መዋጮ እንድትቆም ጽኑ ፍላጎት ነበራቸው። ይህ ዝግጅት በኋላ፣ በመከራው ዘመን፣ ጠቃሚ መሆኑ ታየ።

አብዮቱና የአቋም ጥያቄ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ደርግ መንግሥቱን ያዘ። በታኅሣሥ ወር ኅብረተሰባዊነት የአገሪቱ መመሪያ መሆኑ ታወጀ፤ በየካቲት 25 ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በወለጋም ሆነ በደቡብ አብዛኛው የመካነ ኢየሱስ ምእመን ጭሰኛ ወይም ድሃ ገበሬ ነበር። ስለዚህ የመሬት አዋጁን ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። ቄስ ጉዲናም ለውጡን አልተቃወሙም። የአድልዎ ሥርዓት መፍረሱን፣ መሬት ለአራሹ መድረሱን ከወንጌል የፍትሕ ትምህርት ጋር የሚጋጭ ሆኖ አላገኙትም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1967 ዓ.ም. ለምእመናን ባስተላለፈችው መልእክት ግን አንድ ወሰን አሰመረች። ክርስቲያን ለአገሩ እድገት ይሠራል፣ ለፍትሕ ይቆማል፤ ሆኖም የትኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ነው ብሎ ሊሰግድለት አይችልም። ቄስ ጉዲና በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንቱ ባቀረቡት ማስታወሻ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕንፃዋንና ተቋማቷን ብታጣ እንኳ እንዴት ልትኖር እንደምትችል አስቀድሞ እንዲታሰብበት አሳሰቡ።

ችግሩ የመጣው መንግሥቱ ከድጋፍ አልፎ ሙሉ ታዛዥነት ሲፈልግ ነው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከአዲስ አበባ የሚያስተላልፈው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። በየቀበሌው የእሑድ ስብሰባና የሥራ ዘመቻ በጸሎት ሰዓት ይጠራ ጀመር። ቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶችን በላ። በተለይ የወለጋ አብያተ ክርስቲያናት በጠባብ ብሔርተኝነትና የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ በመሆን ይወነጀሉ ነበር። የቄስ ጉዲና ታናሽ ወንድም ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ መሆኑም በቄሱ ላይ ጥርጣሬን ጨመረ።

የአብያተ ክርስቲያናት ትብብር ጉባኤ

በኢትዮጵያ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ዘመን በመተማመን አልኖሩም። ቄስ ጉዲና ግን አንዱን ለብቻው ነጥሎ መምታት ቀላል መሆኑን ተረድተው ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ሦስቱንም ወገኖች ያቀፈ የአብያተ ክርስቲያናት ትብብር ጉባኤ ሲቋቋም ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታስረው ስለነበር፣ የጉባኤው መቋቋም በመንግሥት ዘንድ በበጎ አልታየም።

እስራትና እምቢታ

መንግሥቱ ከቄስ ጉዲና በተለይ የፈለገው በውጭ አገር ያላቸውን ተሰሚነት ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ኢትዮጵያ የሚሰሙትን ወሬ እንዲያስተባብሉ፣ በአገሪቱ የሃይማኖት ስደት እንደሌለ እንዲመሰክሩ ግፊት ተደረገባቸው። እሺ ቢሉ ቢሮአቸው፣ ደመወዛቸውና ሕይወታቸው በሰላም ሊቆይ ይችል ነበር። እሳቸው ግን ምእመናን እየታሰሩ፣ ጸሎት ቤቶችም እየተዘጉ ይህን መመስከር ሐሰት መናገር ነው ብለው አልተቀበሉም።

በጥቅምት ወር 1971 ዓ.ም. ታስረው ከሳምንታት በኋላ ተለቀቁ። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ዳግመኛ ታስረው ተፈቱ። ከሁለተኛው እስር በኋላ የውጭ ወዳጆቻቸው፣ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ጭምር የረዱበት የመውጫ መንገድ ተዘጋጀላቸው። ቄስ ጉዲና መንጋው በመከራ ላይ ሳለ እረኛው ትቶት ሊሄድ እንደማይገባው ገልጸው ጥሪውን መለሱት። ለውሳኔያቸው የጠቀሱትም በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 የሚገኘውን፣ በሕይወት ያሉት ለራሳቸው ሳይሆን ለሞተላቸው ይኑሩ የሚለውን የጳውሎስ ትምህርት ነበር።

በእነዚህ የመጨረሻ ወራት ክርስቲያን በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ የሚናገር ጽሑፍ አዘጋጁ። ክርስቲያን ሕግ ያከብራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ለአገሩ ይለፋል፤ ነገር ግን ጌታውን ካድ ሲባል ዋጋውን ለመክፈል የተዘጋጀ መሆን አለበት የሚለው የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ነው።

አፈናና ግድያ

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን አስተምረው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ሲቪል የለበሱ ታጣቂዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር አውርደው ሲለቋቸው ቄሱን ይዘው ሄዱ። በዚያው ሌሊት ተገደሉ። መንግሥት ግን የት እንዳሉ አላውቅም የሚል መልስ ይሰጥ ስለነበር ቤተሰቡና ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓመታት ሞታቸውን ሊያረጋግጡ፣ ለቅሶም ሊቀመጡ አልቻሉም።

ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ባላቸውን ሲፈልጉ ቆይተው በ1972 ዓ.ም. ራሳቸው ታሰሩ። ብርቱ ግርፋት ተፈጽሞባቸው ያለ ፍርድ ለአሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። ከእስር ወጥተው ለብዙ ዓመታት ከኖሩ በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. ዐረፉ።

በደቡብ ኢትዮጵያና በጋሞ ጎፋ

በዋና ጸሐፊው ኃላፊነት ሥር ከነበሩት አካባቢዎች አንዱ የያኔው ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ነው። ዋና ከተማው አስቀድሞ ጨንቻ፣ ኋላም በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለችው አርባ ምንጭ ነበረች። በክፍለ ሀገሩ ደቡብ፣ በጊዶሌ የኖርዌይ፣ በኮንሶ ደግሞ የአይስላንድ ሉተራን ሚሲዮናውያን የጀመሩት ሥራ የመካነ ኢየሱስ አካል ሆነ። በጋሞ ደጋና በአጎራባች አካባቢዎች ደግሞ ከወላይታ በመጡ ወንጌላውያን ጭምር የተስፋፋችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ቦታ ነበራት።

ቄስ ጉዲና ከተገደሉ በኋላ በ1970ዎቹ መዘጋቱ እየበረታ ሄደ። በወለጋ እንደሆነው ሁሉ በወላይታና በጋሞ ጎፋም ብዙ ጸሎት ቤቶች ታሸጉ ወይም ለቀበሌ መሰብሰቢያና መጋዘን ተሰጡ፤ አገልጋዮችም ታሰሩ። ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየጸለዩ ቆዩ። በአዲስ አበባም የመካነ ኢየሱስ ዋና ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ተወረሰ። ቄስ ጉዲና ቤተ ክርስቲያን ያለ ሕንፃና ያለ ውጭ ገንዘብ መኖርን ትማር ያሉት ማሳሰቢያ የብዙ ማኅበረ ምእመናን የዕለት ኑሮ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ የተዘጉት ተከፈቱ። ዛሬ አርባ ምንጭ የመካነ ኢየሱስ የደቡብ ምዕራብ ሲኖዶስ መቀመጫ ናት።

የአፅሙ መገኘትና መታሰቢያ

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የተገደሉ ሰዎች የተቀበሩበት ስፍራ ይፈለግ ጀመር። የቄስ ጉዲና አፅም በአዲስ አበባ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኘ። የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም የተገኘው በዚያው ግቢ ነው። በሕይወት ሳሉ በተለያየ ሥርዓት ያገለገሉ ሁለት የእምነት መሪዎች በአንድ ዘመን፣ በአንድ እጅ ተገድለው በአንድ ግቢ ተቀብረው ነበር። ፓትርያርኩ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሲያርፉ፣ ቄስ ጉዲና ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በክብር ተቀበሩ።

በስማቸው የጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን ተቋቁሟል፤ ጽሑፎቻቸውም ተሰብስበው ታትመዋል። ስለ ሰው ሁለንተናዊ አገልግሎት የጻፉት ሐሳብ የመካነ ኢየሱስ መሪ ቃል ሆኖ ቆይቷል። በተመሠረተች ጊዜ 20,000 ያህል ምእመናን የነበሯት ይህች ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንዳሏት ትገልጻለች።

ስለ ቄስ ጉዲና የሚጻፉ ጥናቶች በአንድ ነጥብ ላይ ያተኩራሉ። እሳቸው የተገደሉት አብዮቱን ስለተቃወሙ ሳይሆን፣ የአብዮቱን ፍትሕ ተቀብለው ለአብዮቱ መስገድን እምቢ ስላሉ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢመርጡ ኖሮ፣ ወይ የአሮጌው ሥርዓት ጠበቃ ወይ የአዲሱ ሥርዓት ካድሬ ሆነው በታሪክ ይመዘገቡ ነበር።