በላይ ዘለቀና ያልተፈታው ትጥቅ

በ1945 ዓ.ም. የወጣውን «ሼን» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ከመካከላችን ያዩ ይኖራሉ። ሼን ሽጉጡን ፈትቶ በገበሬ ቤት አርፎ ለመኖር የተመኘ ተኳሽ ነው። ግፍ ሲበዛ ሳይወድ መልሶ ይታጠቃል፤ ሲያሸንፍም ቆስሎ አገሩን ለቆ ይሄዳል። ፊልሙም በዚያው ያበቃል። እኛ ግን ከድል በኋላ ያለውን ዘመን ለመመርመር ወደ ራሳችን ሰው እንመለስ።

ከመካነ ሰላም ወዲያ የቦረና ምድር ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። የበላይ ዘለቀ ሕይወት በእነዚህ ሁለት ማዶዎች መካከል ያለፈ ነበር። አባቱ ዘለቀ ላቀው የብቸና ሰው ሲሆን የልጅ ኢያሱ ወገን ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በቦረና ጫቀታ ሊይዙት ከመጡ ጋር ተዋግቶ ተገደለ። በላይም ገና በልጅነቱ የአባቱን ደም የመመለስ ዕዳ ተሸክሞ አባይን ተሻገረ። እንግዲህ ጠመንጃውን ያስጨበጠው ምርጫው ሳይሆን ሐዘኑ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የግል ቂሙ ለአገር መከታ ሆነ። አባ ኮስትር በሚል ስም የታወቀው በላይ ብቸናን ማዕከል አድርጎ አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ተዋጋ። ለተከታዮቹ ታላላቅ ማዕረግ ሲሰጥ ለራሱ እናቱ ያወጣችለት ስም ይበቃኛል ማለቱ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የደጃዝማችነት ማዕረግና የብቸና ግዛት ተሰጠው። ነገር ግን ከእርሱ ያነሰ የደከሙ የበለጠ መሾማቸው አስቆጣው፤ ከመንግሥት ጋርም ተጋጭቶ በ1935 ዓ.ም. ሸፈተ። ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠለት። በጦርነቱ ከጠላት ጎን ተሰልፎ ከነበረው ከማሞ ኃይሉ ጋር ከወህኒ አምልጦ ዳግመኛ ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። የተሰቀለባት ከተማ ኋላ ጎዳናዋን በስሙ ሰየመች።

ፍርዱን ለታሪክ እንተወው። ይሁንና ጀግናን በጦር ሜዳ መጥራት ቀላል እንደ ሆነ፣ ከጦር ሜዳ ወደ ማዕዱና ወደ እርሻው መመለስ ግን ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ ሕይወት እንማራለን። ሼን ሸለቆውን ለቆ ሄደ፤ በላይ ግን መሄጃ አልነበረውም፤ አገሩ ይኸው ነበርና። ዛሬም ትጥቁን የሚፈታ ወንድም ወደ ደጃችን ሲመጣ፣ ስለ ውለታውም ሆነ ስለ ጥፋቱ በእውነት ተነጋግረን የሚቀመጥበትን ስፍራ ልናዘጋጅለት ይገባናል።