ከጤፍ ያነሰ ወርቅ

ዛሬ የምናቀርበው የሮማውን ወርቅ አንጥረኛ የፎርቱናቶ ፒዮ ካስቴላኒን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካስቴላኒ በ1794 ሮማ ውስጥ ተወለደ። በ1814 የራሱን የወርቅ መሥሪያ ቤት ከፈተ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዘመኑ አንጥረኞች ሁሉ የፈረንሳይንና የእንግሊዝን ፋሽን እየተከተለ ነበር የሚሠራው። በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ባልተገኘ።

ሐሳቡን ያስቀየረው መቃብር ነው። በ1836 ከሮማ ብዙ በማትርቀው በቼርቬቴሪ አንድ ያልተዘረፈ የኤትሩስካውያን መቃብር ተገኘ። ኤትሩስካውያን ከሮማውያን በፊት በዚያ አገር የገነኑ ሕዝብ ናቸው። ካስቴላኒ ከመቃብሩ የወጣውን ወርቅ የማየት ዕድል አገኘ። ከጤፍ ያነሱ የወርቅ ቅንጣቶች በጌጡ ላይ ተደርድረዋል፤ የተበየዱበት ምልክት ግን አይታይም። ታዲያ በምን ተያያዙ?

የኤትሩስካውያን ቀለበትም ሌላ ጥበብ ነበረው። ሰርድዮን የተባለውን ቀይ የከበረ ድንጋይ ጀርባውን እንደ ጢንዚዛ ይቀርጹታል፤ ጠፍጣፋ ሆዱ ላይ ደግሞ ምስል ይቆፍሩበታል። ድንጋዩ መሐል ለመሐል ተበስቶ በወርቅ ሽቦ ላይ ይሽከረከራል። ሲፈልጉ ጌጥ፣ ሲገለብጡት ማኅተም! ካስቴላኒና ልጆቹ፣ አሌሳንድሮና አውጉስቶ፣ እንዲህ ያሉትን ቀለበቶች እንደገና ለአውሮፓ አስተዋወቁ። በሥራቸው ላይ የራሳቸውን ምልክት፣ ሁለት የተጠላለፉ የሲ ፊደሎች፣ ያትሙበት ነበር። ይኼን ልብ እንበል፤ የጥንት ነው ብሎ መሸጥ እኮ ይቻል ነበር።

የቅንጣቶቹ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣቸው። የፕሊኒንና የቼሊኒን መጻሕፍት አገላበጡ፣ በኬሚካል ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ በማርኬ ተራሮች ውስጥ ባለችው ሳንታንጄሎ ኢን ቫዶ የአካባቢውን ባላገር ጌጥ በጥንቱ ዘዴ የሚሠሩ ሰዎች አገኙ። ከነዚህም ጥቂቶቹን ወደ ሮማ አመጧቸው። ለረቂቁ ሥራ ሴቶችንም ቀጠሩ፤ በቦራክስ ፈንታ ሌላ ቅመም ተጠቀሙ፣ መበየጃውንም እንደ ዱቄት አደቀቁት። እኛን የገረመን ይኼ ነው፤ መጽሐፉ ያልነገራቸውን ከገጠር ሠራተኛ እጅ ለመማር አላፈሩም። ስንቶቻችን እናደርገዋለን?

አባትየው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ለልጆቹ ተወ። አሌሳንድሮ የጳጳሱን መንግሥት በመቃወሙ ተሰደደ፤ ስደቱም የቤቱን ስም ወደ ፓሪስና ለንደን ይዞት ሄደ። በ1862 በለንደኑ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥራቸው ከፍተኛ አድናቆት አተረፈ። ነገር ግን ምርጥ በሆኑት የኤትሩስካውያን ሥራዎች ላይ ገና እንዳልደረሱበት አሌሳንድሮ ራሱ በጽሑፍ አምኗል። ካስቴላኒ በ1865 አረፈ።

መልሱ የመጣው በ1933 ነው። ሊትልዴል የተባለ እንግሊዛዊ ቅንጣቶቹን የመዳብ ውሁድ በተቀላቀለበት ሙጫ አጣብቆ አጋላቸው። ሙጫው ይከስላል፣ መዳቡ ከወርቁ ጋር ይዋሐዳል። ንጹሕ ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድብልቁ ግን ከዚያ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ መነካኪያው ብቻ ይያያዛል፣ ቅንጣቱ ቅርፁን አይለቅም። ለካ ካስቴላኒ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደቅቀው የኖረው መበየጃ ጭራሹንም አያስፈልግም ነበር።