ዐፄ ምኒልክ ሲታመሙ አገር ምን ሆነች?

ከሲግናል ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ተራራ ያያል። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚያው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተራራው ወረድ ሲሉ ደግሞ፣ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል አለ። ስለ ዘውዱ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የማነሣው ሕመማቸውን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ሸዋ ያዙ። ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ድል ነሱ፤ ስልክና ባንክ አስገቡ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ።

እኚህን ሰው የጣላቸው ግን ጦር አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ስትሮክ ጀመራቸው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው የከፋ ነበር፤ አካላቸውን ሽባ አደረገ፣ አንደበታቸውንም ዘጋ።

ስትሮክ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የረጋ ደም የአንጎልን ሥር ይዘጋል፣ ወይ ሥሩ ፈንድቶ ደም ይፈሳል። የንጉሡ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም። ደም በሥሩ ውስጥ እንዳይረጋ ከሚጠብቁት የሰውነታችን ፕሮቲኖች አንዱ አንቲትሮምቢን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያበረታው ሄፓሪን አሜሪካ ውስጥ የተገኘው በ1908 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ። በኋላማ ሳይንስ የሰውን ዘረ መል ወደ ፍየል አስገብቶ አንቲትሮምቢንን ከወተቷ እስከ ማውጣት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ ለሕክምና ተፈቀደ። ለቤተ ሙከራ ምርምር ብቻ የሚሠራም አለ።

እንግዲህ ሕክምናው አልደረሰላቸውም እንበል። ሕጉስ? ንጉሠ ነገሥቱ መግዛት ሲሳናቸው ሥልጣኑን ማን እንደሚይዝ የሚደነግግ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አልነበረም። ሕመሙ በጀመረ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተፈራረሙ። አልጋ ወራሽ የተባሉት ልጅ ኢያሱ ገና ለአካለ መጠን አልደረሱም። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ቢይዙ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. አገለሏቸው። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሡ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በይፋ ሳይነገር ቆየ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይደፉ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በወሩ ሰገሌ ላይ ወገን ከወገን ተጋደለ።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ካለ የ2004 ዓ.ም.ን ክረምት ያስታውስ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲታመሙ አገር ለሳምንታት በወሬ ስትናጥ ከረመች፤ ሲያርፉ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 75 እየጠቀስን ተከራከርን። አንቀጹ ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክተው እንደሚሠሩ ይናገራል እንጂ ስለ ሞት በግልጽ አይናገርም።

ሕመም ለንጉሥም ለድሃም ይመጣል። የመሪ ሕመም የአገር ሕመም እንዳይሆን የሚያደርገው ግን መድኃኒት ሳይሆን አስቀድሞ በግልጽ የተጻፈ ሕግ ነው።