ቄስ ጉዲና ቱምሳ፦ ወንጌልንና ልማትን ያልለያዩ አገልጋይ

በአገራችን ገጠር ከብዙ የወንጌል አማኞች አጥቢያዎች አጠገብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የውኃ ጉድጓድ ማየት የተለመደ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ ባሉት የሲዳማ ቀበሌዎችም ይኸው ይታያል። አብዛኛው የተሠራው ከምእመናን መዋጮና ከውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት በተገኘ እርዳታ ነው። ነገር ግን እርዳታው ለምን ሥራ ይዋል? የሚወስነውስ ማን ነው፣ ሰጪው ወይስ ተቀባዩ? ይህን ጥያቄ በግልጽ አንሥተው ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ ካደረጉት ኢትዮጵያውያን መካከል ዋነኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው።

የመንደር ትምህርት ቤት ፍሬ

ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1929 በወለጋ ቦጂ ተወለዱ። ቦጂ በወንጌላውያን ታሪክ የታወቀች ስፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1898 ከሐማሴን የመጡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከባልደረባቸው ጋር ሕዝቡን ማስተማር የጀመሩት በዚያ ነበር። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1905 በተነሣ የእሳት ቃጠሎ ሰው ለማዳን ሲሞክሩ በዚያው ሕይወታቸው አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ በልጅነታቸው ከባርነት ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምቴ መጥተው በሕዝቡ ቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ወዳጆች ከሩቅ አገር የሚልኩት ገንዘብና የአገሬው ወንጌላውያን ድካም ተባብረው ፊደል ያላየ ትውልድ እንዲያነብ አደረጉ። ወጣቱ ጉዲና የተቀበሉት ይህን ቅርስ ነው።

በነቀምቴ የሚስዮን ሆስፒታል ሠራተኛ ሆነው የታመመውን እየረዱና ለሐኪሞች እያስተረጎሙ አገለገሉ። የሰው ሥጋ ሲታመም ነፍሱ ብቻዋን እንደማትቀመጥ በዚያ በቅርብ አዩ። ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ትዳር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1958ም የቅስና ማዕርግ ተቀበሉ።

በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1959፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። ከመሥራቾቹ ሲኖዶሶች አንዱ የሲዳሞና የጋሞ ጎፋ ነበር። የኖርዌይ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሠርተዋል፤ የይርጋለም ሆስፒታልም ከሥራቸው ይቆጠራል። ስለዚህ የቄስ ጉዲና ታሪክ የወለጋ ብቻ ሳይሆን የሐዋሳና የአካባቢዋም ታሪክ ነው።

ዋና ጸሐፊው

እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ በሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት አጥንተው ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን በፍጥነት ታድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወደ ገጠር ዘልቆ ነበር። በብዙ ቦታ የመንደሩ ሰው ጎጆውን ይሠራል፣ መቀመጫውን ያዘጋጃል፤ ከዘመቻው ደግሞ መምህርና መጽሐፍ ይመጣል። ሕዝቡ ራሱ የጀመረውን እርዳታው ያግዝ ነበር እንጂ አይተካውም ነበር።

ሆኖም አንድ ችግር ተፈጠረ። የምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት ለልማት ፕሮጀክት የሚሰጡት ገንዘብ እየበዛ ሲሄድ ለወንጌል ሥራ፣ ለአገልጋዮች ሥልጠናና ለአምልኮ ቤት የሚሰጡት ግን በንጽጽር አነሰ። መመዘኛውን የሚያወጡት እነርሱ ነበሩ። አንድ መንደር ትምህርት ቤትና ወንጌላዊ በአንድነት ቢጠይቅ፣ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ማግኘት ይቀላል፤ ለወንጌላዊው ግን ይከብዳል። የሕዝቡ ጥያቄ አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ለሁለት ተከፈለ።

እ.ኤ.አ. በ1972 መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። በዚህ ደብዳቤ አሳብ ውስጥ የቄስ ጉዲና ድርሻ ትልቅ ነበር። ደብዳቤው ልማትን አልተቃወመም። የተቃወመው ሰውን መክፈልን ነው። ሰው ሥጋም ነፍስም ያለው አንድ ፍጥረት ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም ሙሉውን ሰው መያዝ አለበት አለ። ድሀው እንጀራ ብቻ የሚያስፈልገው ተደርጎ መቆጠሩ ክብሩን መንካት እንደሆነ አስገነዘበ። ከዚህም አልፎ፣ ሀብታም የሆነው ዓለምም የራሱ የተሰወረ ድህነት እንዳለበት አመለከተ። በተራቡት ፊት የሚነገር ባዶ ቃል እንዳይጠቅም ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 አስተምሯል፤ ቄስ ጉዲናና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ቃል የሌለበት እንጀራም ሰውን እንደማይሞላ አሳሰቡ።

ደብዳቤው ብዙዎችን አነጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1974 በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገ። ተቀባይ የተባለች የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ሰጪዎቿን ያስተማረችበት ጊዜ ነበር። ቄስ ጉዲና ግን ለሌላው ብቻ አልተናገሩም። ቤተ ክርስቲያን ከውጭ እርዳታ ጥገኝነት ወጥታ በራሷ እንድትቆምም አጥብቀው ይመክሩ ነበር።

እስከ ሞት የታመነ

እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮት ፈነዳ። ለድሀው የመሬትና የፍትሕ ጥያቄ ቄስ ጉዲና ባዕድ አልነበሩም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር የለም ለሚለው ርዕዮተ ዓለም ቤተ ክርስቲያንን አሳልፈው አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ1976 አብያተ ክርስቲያናት የሚተባበሩበት ምክር ቤት ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገናም ታሰሩ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር እንዲወጡ ሊረዷቸው ቢፈልጉም መንጋውን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1979 በአዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ ካለችው የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፍነው ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይን ከመኪናው አውርደው ተዉአቸው፤ ቄስ ጉዲና ግን በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ቤተሰቡ ለዓመታት የት እንዳሉ አላወቀም። ወይዘሮ ፀሐይም እ.ኤ.አ. በ1980 ታስረው ከባድ ሥቃይ ተቀበሉ፤ ከእስር የወጡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ተወረሰ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር፤ በክብርም ተቀበረ።

ለእኛ የተወው ጥያቄ

ሲመሠረት 20 ሺህ ገደማ ምእመናን የነበሩት ማኅበር ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽንም በፈንታሌ አካባቢ በከረዩ አርብቶ አደሮች መካከል በትምህርትና በልማት ሠርቷል።

ወገኖች ሆይ፣ ዛሬም በየገጠሩ አጥቢያዎቻችን የፕሮጀክት ማመልከቻ እንጽፋለን። ከመፈረማችን በፊት ጥቂት ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። ይህን ሥራ የጠየቀው የመንደሩ ሕዝብ ነው ወይስ ገንዘቡ ስለተገኘ ነው የመጣው? ሕዝቡ ከጉልበቱና ከእህሉ ምን ጨመረበት? እርዳታው ሲያልቅ መምህሩን ማን ይከፍለዋል? በትምህርት ቤቱ የሚማረው ሕፃን ስለ ሰማይ አባቱ የሚነግረው ሰው አለው? ወንጌሉን ሰምቶ በባዶ ሆዱ የሚመለስ ጎረቤትስ የለንም?

የቦጂው ልጅ ፊደል ያወቁት ሌሎች በከፈሉት ዋጋ ነበር። እርሳቸውም በተራቸው ከፈሉ። እግዚአብሔር አምላክ ለእኛም ሙሉውን ሰው የሚያይ ዓይንና የሚያገለግል እጅ ይስጠን።