ዶ/ር ሳሙኤል ኦርተን፦ “ሰነፍ” ለተባለ ተማሪ የቆሙ ሐኪም

ዶ/ር ሳሙኤል ኦርተን እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ተወለዱ። ሙያቸው የአንጎል ሕመም ጥናት ነበር። አዮዋ ሲሠሩ የመረመሩት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ማንበብ ባይችልም አእምሮው ብሩህ ነበር። በ1925 ስለዚህ ዓይነቱ ችግር ጽፈው አሳተሙ። ዛሬ ዲስሌክሲያ የምንለው ነው። ስለ አንጎል የሰጡት ማብራሪያ ኋላ ባይጸናም መፍትሔያቸው ግን ሥር ሰደደ፦ ልጁ ፊደሉን እያየ፣ ድምፁን እያሰማ፣ በእጁም እየጻፈ ይማር። መምህርት አና ጊሊንግሃምና ቤሲ ስቲልማን ይህን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የማስተማሪያ መጽሐፍ አደረጉት። ዶ/ር ኦርተን በ1948 አረፉ።

እኔም ነገ መምህር ልሆን ነው። ፊደል አልገባው ያለውን ልጅ በኩርኩም ከማለፍ፣ ድምፁን እያስጠራሁ በጣቱ አሸዋ ላይ ባስጽፈው ምን ይከብደኛል?