አንድ ክር ሲበጠስ የሚቆመው ማሽን፦ የሳኪቺ ቶዮዳ ሕይወት

በሽመና ጉድጓዱ የተቀመጠ ሸማኔ አንድ የድር ክር ሲበጠስበት መወርወሪያውን ያስቀምጣል፤ ክሩን ይቋጥራል፤ ከዚያም ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ለማድረግ ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም፤ ዐይኑ ያያል፣ እጁም ይታዘዛል። በእንፋሎት ወይም በኤሌክትሪክ ጉልበት የሚንቀሳቀስ የሽመና ማሽን ግን በተፈጥሮው ይህ ማስተዋል የለውም። ክሩ ተበጥሶም መሸመኑን ይቀጥላል። ሰው ደርሶ እስኪያስቆመውም ድረስ እንከን ያለበትን ጨርቅ ክንድ በክንድ እያስረዘመ ይሄዳል።

ማሽን ጉድለቱን በራሱ ለይቶ እንዲቆም ለማድረግ ዕድሜውን የሰጠው ሰው ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ ነው። የቤተሰቡ ስም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከመኪና ጋር ተያይዞ ቢታወቅም እሱ ራሱ የደከመው ለሽመና ነበር። በሽመና ቤት ውስጥ ያገኘው መርሕ ግን ከጨርቅ አልፎ ተሻግሯል። ጥሬ ዕቃን፣ ጉልበትን፣ መሣሪያንና ጊዜን አቀናጅቶ ደንበኛ የሚፈልገውን ምርት ወይም አገልግሎት የማድረስ ሙያ፣ ማለትም ኦፕሬሽን ማኔጅመንት፣ ከሚያስተምራቸው መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ሳኪቺ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ መንደሩ ዛሬ በሺዙኦካ ግዛት በኮሳይ ከተማ ክልል ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ኢኪቺ ከእርሻው ጎን ለጎን የአናጢነት ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር። ልጁም በትምህርት ብዙ ሳይገፋ ከአባቱ ዘንድ መጋዝና መላጊያ መያዝን ተማረ። በአገራችን ሽመና በአብዛኛው የወንዶች ሙያ ሲሆን በዚያ አካባቢ ግን በየቤቱ የሚሸምኑት ሴቶች ነበሩ። የመንደሩ እናቶች ቀን ከእርሻ፣ ማታ ከሸማ ዕቃ ሳይለዩ እንዴት እንደሚደክሙ ሳኪቺ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ አደገ።

በ1885 የጃፓን መንግሥት የፈጠራ ሰዎችን መብት የሚያስጠብቅ ሕግ አወጣ። በዚያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት የነበረው ሳኪቺ፣ ሀብትም ሆነ ከፍተኛ ትምህርት የሌለው ሰው ለአገሩ ሊያበረክት የሚችለው ነገር ፈጠራ መሆኑን አመነ፤ ለዚህም የመረጠው በየቀኑ የሚያየውን የሸማ ዕቃ ነበር። ልጁ በአናጢነት እንዲተካው ይመኝ የነበረው አባት በሐሳቡ አልተደሰተም። እንጨት እየጠረበና እየገጣጠመ፣ መልሶም እያፈረሰ የሚውለውን ወጣት የመንደሩ ሰው እንደ ሥራ ፈት ቆጠረው።

በ1890 በቶኪዮ ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። ሳኪቺ ከመንደሩ ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ፤ ቀን ከቀን እየተመላለሰም የማሽኖቹን አሠራር ሲመረምር ሰነበተ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የእንጨት የእጅ ሽመና መሣሪያ ሠርቶ ጨረሰ፤ በተከታዩ ዓመትም የባለቤትነት መብት አገኘበት። በቀድሞው መሣሪያ ሸማኔዋ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ለማቀበል ሁለቱም እጆቿ ይያዙ ነበር። በአዲሱ ግን ማጉን የሚመታውን ክፍል በአንድ እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ብቻ በቂ ሆነ፤ መወርወሪያው በራሱ ይመላለስ ጀመር። በዚህ ለውጥ ምርቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ አደገ። የጨርቁ ጥራትም ተሻሻለ።

የመሣሪያው ፍጥነት ግን በሰው ክንድ የተወሰነ ነበር። ስለዚህ ሳኪቺ ፊቱን ወደ እንፋሎት ጉልበት አዞረ። በ1896 ከእንጨትና ከብረት የተሠራ፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የሽመና ማሽን አዘጋጀ፤ ይህም በጃፓን የመጀመሪያው ነበር። ማሽኑ ፈጣን ከመሆኑም በላይ ማጉ ሲበጠስ ራሱን የሚያቆም ብልሃት ነበረው። ከማሽኑ የሚወጣው ጨርቅ ወጥነት ሚትሱይ የተባለውን ታላቅ የንግድ ድርጅት ትኩረት ሳበ፤ ገንዘብ ያላቸው ሸሪኮችም መጡ።

ከሸሪኮቹ ጋር ግን ፈተና መጣ። ለሳኪቺ አንድ ማሽን ለገበያ የሚበቃው በእውነተኛ የፋብሪካ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ተፈትኖ እንከኑ ሲታረም ነበር። ገንዘብ ያፈሰሱት ወገኖች ደግሞ ሽያጭና ትርፍ ይጠብቁ ነበር። በ1907 በስሙ የተቋቋመው የሽመና ማሽን ኩባንያ በኢኮኖሚው መቀዝቀዝ ሲጎዳ፣ ሳኪቺ በ1910 ከራሱ የፈጠራ ውጤት ከተገነባው ድርጅት እንዲለቅ ተገደደ። ያን ጊዜ ዕድሜው 43 ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተጓዘ። የታወቁትን የሽመና ማሽኖች በሥራ ላይ አይቶ ከራሱ ጋር አነጻጸራቸው፤ የእሱ ሐሳብ ከእነርሱ እንደማያንስም ተረዳ። ወደ አገሩ ተመልሶም በናጎያ የራሱን የሽመና ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው ጨርቅ ሸጦ ገቢ ያስገኛል፤ በዚያው ላይ ማሽኖቹ በየዕለቱ የሚፈተኑበት ቦታ ነበር። ከዚህ በኋላ ለመሞከር የማንንም ፈቃድ መለመን አላስፈለገውም።

ሙከራው ግን ሌላ ችግር ገለጠ። ማሽኑ የቱንም ያህል ቢሻሻል ከገበያ የሚገዛው ክር ጥራቱ ያልተስተካከለ በመሆኑ በየጊዜው ይበጠስ ነበር። የማሽኑን ድካም ከክሩ ድካም መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ሳኪቺ በ1914 ፈተላን በፋብሪካው ውስጥ ጨመረ፤ ለሽመናው የሚሆነውን ክርም ራሱ ማምረት ጀመረ። ዘር ያልተበጠረበት ማሳ በማዳበሪያ ብቻ እንደማይስተካከል ሁሉ፣ የጥሬ ዕቃ ጉድለትም በመጨረሻው የሥራ ደረጃ ላይ እንደማይታረም ተገንዝቦ ነበር።

የድካሙ ሁሉ ፍሬ በ1924 ታየ። በልጁ በኪኢቺሮና በሌሎች ባለሙያዎች ድጋፍ የተጠናቀቀው ጂ ዓይነት የተባለው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን፣ የመወርወሪያው ማግ ሲያልቅ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በሌላ መወርወሪያ ይተካ ነበር። ድሩን የሚጠብቀው ብልሃት ደግሞ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ ስስ ብረት ይንጠለጠላል፤ ክሩ እስከተወጠረ ድረስ ብረቱን ይዞት ይቆያል። ክሩ ሲበጠስ ብረቱ ይወድቃል፤ የወደቀው ብረትም ማሽኑን ያስቆመዋል።

በዚህ ምክንያት ሠራተኛዋ አንድን ማሽን ቆማ መጠበቅ አላስፈለጋትም። በደንብ የሚሠራው ይሠራል፤ ችግር የገጠመው ራሱ ቆሞ ይጠራታል። አንዲት ሠራተኛ 30 ገደማ ማሽኖችን መከታተል ቻለች። ጃፓናውያን ይህን መርሕ ጂዶካ ብለው ይጠሩታል፤ የሰው ማስተዋል የተጨመረበት አውቶማቲክ አሠራር ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ስኬት ሌላ ገጽታም አለው። በዚያ ዘመን የጃፓን የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የቆመው ከገጠር በመጡ ወጣት ሴቶች ትከሻ ላይ ነበር። በፋብሪካ ግቢ እያደሩ ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር። ሴቶችን በሌሊት ማሠራት የቀረው በ1929 ነው። 30 ማሽን በአንድ ሰው ሲያዝ የእያንዳንዷ ድካም ዓይነቱ ይለወጣል፤ የሚያስፈልጉት እጆች ቁጥርም ይቀንሳል። የእናቶችን ድካም አይቶ የተነሣው ሰው የሠራው መሣሪያ ድካምን ሲያቀል የሥራ ቦታንም ያጠበበ ነበር። ምርታማነትን የሚያጠና ሁሉ ይህን ጥያቄ ከጥቅሙ ለይቶ ሊያየው አይችልም።

በ1926 ማሽኑን የሚያመርት ኩባንያ በካሪያ ተቋቋመ። በ1929 ደግሞ የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የማሽኑን መብት ለመግዛት 100 ሺህ ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ይህ ኩባንያ ለጃፓን ፋብሪካዎች ማሽን ሲሸጥ የኖረ ነበርና ውሉ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረውን የሻጭና የገዢ ቦታ ያለዋወጠ ሆነ። ሳኪቺ ይህን አይቶ ብዙም አልቆየም፤ ጥቅምት 1930 በ63 ዓመቱ አረፈ። ልጁ ኪኢቺሮ በ1933 በዚሁ ኩባንያ ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋመ። ክፍሉም በ1937 ራሱን ችሎ ቶዮታ ሞተር ኩባንያ ሆነ።

መርሑን ከሸማ ወደ መኪና ያሻገረው ሌላው ሰው ታይቺ ኦኖ ነው። ኦኖ በ1932 በቶዮዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ በ1943 ወደ መኪናው ፋብሪካ ተዛወረ። በሽመና ቤት ማሽኑ እንከን ሲያገኝ እንደሚቆም ሁሉ፣ በመኪና መገጣጠሚያ መስመር ላይም ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ መስመሩን እንዲያስቆም ሥልጣን ተሰጠው። መስመር ማቆም ውድ ይመስላል። ይሁንና አንድ እንከን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ባለፈ ቁጥር በላዩ ሥራና ዕቃ እየተደራረበበት ስለሚሄድ፣ በኋላ ማረሙ የበለጠ ያስከፍላል።

ይህን ለመረዳት የመኪና ፋብሪካ ማየት አያስፈልግም። የወተት መሰብሰቢያ ማኅበር የእያንዳንዱን አርሶ አደር ወተት በመቀበያው ላይ ሳይፈትሽ ወደ ታንኩ ቢገለብጥ፣ የአንድ ሰው የተበላሸ ወተት የመቶዎቹን ልፋት ያበላሻል። በመቀበያው ላይ የሚደረገው አጭር ፍተሻ በድር ክር ላይ እንደተንጠለጠለው ስስ ብረት ነው። በአገልግሎት ዘርፍ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ጨርቅ ከመሸጡ በፊት መጋዘን ውስጥ ሊመረመር ይችላል፤ አገልግሎት ግን በሚሰጥበት ቅጽበት ደንበኛው እጅ ይገባል። በጤና ጣቢያ የአንዱ ታካሚ ናሙና በሌላው ስም ቢመዘገብ ስሕተቱ የሚያርፈው በሰው ላይ ነው። ስለዚህ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስሙ አጠራጥሮት ሥራውን ለአፍታ ሲያቆም የሚመሰገንበት እንጂ የሚወቀስበት አሠራር ሊኖር አይገባም።

በኢትዮጵያም በጃፓን ትብብር በተጀመረው የካይዘን ሥራ ይኸው ትምህርት ወደ ፋብሪካዎችና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገብቷል። ሥራውን እንዲመራም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቁሞ ነበር። በየሥልጠናው የሚሰጠው ችግርን ከሥሩ የመጠየቅ ልማድ፣ ማለትም ለምን ሆነ የሚለውን ጥያቄ እስከ አምስት ጊዜ የመደጋገም ዘዴ፣ መነሻው ሳኪቺ እንደሆነ ይነገራል።

ሳኪቺ በናጎያ የሽመና ፋብሪካውን በከፈተበት ሥፍራ ዛሬ የቶዮታ የኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። የእንጨት የእጅ መሣሪያውና ጂ ዓይነት ማሽኑ ሁለቱም እዚያ አሉ። አስጎብኚዎች ማሽኖቹን ለጎብኚዎች እያንቀሳቀሱ ያሳያሉ፤ ክሩ ሲበጠስም ማሽኑ ዛሬም ይቆማል።