ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ ልዩ ፍርድ ቤት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በብዛት የሚታወሱት በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። በዳኝነት ያገለገሉበት ዘመን ግን በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንደ አንድ የሹመት እርከን ተጠቅሶ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዳኝነት ዘመናቸው ቀደም ሲል የቀሰሙትን የቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ ከያዙት የዲፕሎማሲ ሥራ ጋር የሚያያይዝ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ሁለቱን የሚያያይዘውም አንድ ጥያቄ ነው፦ በኢትዮጵያ ምድር ለተነሣ ክርክር የሚፈርደው የማን ሕግ ነው?

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ወደ እንጦጦ በመምጣት በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ አገለገሉም። በዚያ ዘመን ሕግ ራሱን የቻለ የሙያ ትምህርት አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት የሚተረጎመው በጉባኤ ቤት፣ ከሌሎች የሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ነበር፤ የዕለት ተዕለቱ ሙግት ደግሞ በአብዛኛው የሚዳኘው በየአገሩ ልማድ ነበር። ስለዚህ ከጉባኤ ቤት የወጣ ሊቅ በፍርድ ወንበር መቀመጡ ለጊዜው ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የነበረው ኅሩይ የተቀመጡበት ወንበር ዓይነት ነው።

ወደዚያ ወንበር ያደረሳቸው መንገድ በቤተ መንግሥትና በውጭ አገር አለፈ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላከው የደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መልእክት ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚዘረዝር ሥራ አሳተሙ። ቀጥሎም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በኃላፊነት ሠሩ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደው ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1910ዎቹ ልዩ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ፕሬዚዳንቱ ሆኑ።

የዚህን ችሎት ምንነት ለመረዳት ወደ 1900 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው፣ በክሎቡኮውስኪ ስም በሚታወቀው ውል መሠረት በፈረንሳዮች መካከል የሚነሣ ክርክር በቆንስላቸው ይዳኝ ነበር። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ጉዳዩን የሚያየው ኢትዮጵያዊ ዳኛ ቢሆንም ቆንስሉ አብሮ ይቀመጣል። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ ይፈረዳል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። ሌሎች መንግሥታትም ለዜጎቻቸው ይህንኑ መብት ጠየቁ። ውሉ ይህ ሥርዓት የሚቀረው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር ሲስማማ መሆኑን ይገልጽ ነበር።

ኅሩይ የመሩት ችሎት ይህን ሥርዓት በተግባር የሚያውል ነበር። በፍትሐ ነገሥትና በአገር ልማድ የሠለጠነ ዳኛ፣ ተከሳሹ የውጭ ዜጋ በሆነ ጊዜ፣ በራሱ መዲና ላይ በሌላ አገር ሕግ ለመፍረድ ይገደዳል። የጉዳዩ ክብደት ከአንድ ነጋዴ ዕዳ በላይ ነበር፤ እያንዳንዱ መዝገብ የአገሪቱን ሉዓላዊነት ወሰን ይለካ ነበር።

ኅሩይ በኋላ የተሠማሩባቸው ሥራዎች ከዚህ አንጻር ሲታዩ የተበታተኑ አይመስሉም። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከመልእክተኞቿ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አባልነቱም የባሪያ ንግድንና የጦር መሣሪያን በሚመለከት ግዴታ ታስሮ የተሰጠ በመሆኑ አገሪቱ እንደገና በሌሎች ሚዛን ተመዝና ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው፣ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው ሕገ መንግሥት በጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ የተዘጋጀ ነበር። ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ጃፓንን ጎበኙ፤ ስለ ጉዟቸውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ጃፓን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 የቆንስላ ዳኝነትን ከምድሯ ያስወገደችው ሕጎቿን በአዲስ መልክ ከደነገገች በኋላ ነው። የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለነበረ ሰው ይህ ምሳሌ ከኢንዱስትሪዋ ያላነሰ ትርጉም እንደነበረው መገመት ይቻላል።

መኖሪያቸው በጉለሌ፣ ወጣትነታቸውን ካሳለፉበት ከእንጦጦ ግርጌ ነበር። ከዚያ ግን የጣሊያን ወረራ አፈናቀላቸው። በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰድደው መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ ከነጻነት በኋላም ዐፅማቸው ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል።

የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጡት ኅሩይ ካረፉ ከ18 ዓመታት በኋላና ከዚያም ወዲህ ነው። እነዚህ ሕጎች በብዛት የሚጠኑት ከውጭ አገር አርቃቂዎቻቸው ጋር ተያይዘው ነው። የኅሩይ ሕይወት ግን የሕጎቹ አስፈላጊነት ከአርቃቂዎቹ በፊት በአዲስ አበባ ችሎት፣ ከቆንስል ጎን በተቀመጡ ኢትዮጵያውያን ዳኞች ዘንድ የተፈተነ ጉዳይ እንደነበር ያመለክታል። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሕግ ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ መነሻውን ከዚያ ችሎት ቢያደርግ፣ ከውጭ ገባ የሚባለው ሕግ ከውስጥ ለተነሣ ችግር የተፈለገ መልስ ጭምር እንደነበር ያስተውላል።